እማሆይን ሙት ያለው ኮምፒውተር

በእኛ ጊዜ ሰው ሞተ የሚባለው ሲሞት ነበር። እህቴን ግን በቁሟ ኮምፒውተር ነው ሙት ያላት። አትሳቁ፣ የሚያስቅ ነገር አይደለም። አንተ ኮምፒውተር ትማራለህ አሉኝ፣ በል ቀረብ ብለህ ስማ።

ደርግ ወድቆ፣ ብዙ ዓመት አልፎ፣ ኮምፒውተር ወደኛም አገር መግባት የጀመረ ጊዜ ነው። ዝናቡ ቀርቶ ገብሱ በእንጭጩ ደረቀ፣ እና የምንበላው የእርዳታ ስንዴ ነበር። ታዲያ ታላቅ እህቴ ወርቄ ባሏም ልጇም ሞተውባት ብቻዋን ቀርታ ነበርና በዚያው ዓመት መነኮሰች። እዚሁ ገነተ ማርያም፣ እኔ ቆሜ እያየሁ፣ እንደ ሥርዓቱ ፍትሐት ተደገመላት። አዎ፣ ለሙት የሚደገመው ፍትሐት፤ ምንኩስና ለዓለም መሞት ነዋ። ስሟም ተለወጠና እማሆይ ወለተ ሥላሴ ተባሉ፣ ከዚያ ወዲያ እኔም ወንድማቸው አንቱ ነው የምላቸው።

ታዲያ ስንዴ የሚቀበለው ሰው ስም በኮምፒውተር ይመዘገብ ነበርና፣ የእርዳታ ቢሮው ጸሐፊ ስም ስታጣራ "ወርቄ የታለች?" ብላ የቀበሌውን ሰው ትጠይቃለች። እሱም የቄስ ልጅ ነውና ኮራ ብሎ "ወርቄማ ለዓለም ሞታለች፣ ፍትሐትም ተደግሞላታል፤ አሁን ያሉት እማሆይ ወለተ ሥላሴ ናቸው" ይላታል። እሷም ወርቄን ሞተች ብላ ዘጋችና እማሆይን በአዲሱ ስም ላስገባ ስትል ኮምፒውተሩ እምቢ አለ። ያው አባት፣ ያው ቤት፣ ያው ዕድሜ። "ይህች ሴት ሞታለች" ይላል። ልመልስ ብትለውም አይመልስም፣ አንዴ ሙት ካለ ሙት ነው።

እማሆይን ይዤ ሄድኩ። "ይኸው ቆመዋል፣ እዩዋቸው" አልኩ። ጸሐፊዋ አለቀሰች እኮ፣ ክፉ ልጅ አይደለችም። "አባቴ፣ እኔማ አያለሁ፤ እሱ ነው እምቢ ያለኝ" አለች። እሱ የምትለው ኮምፒውተሩን ነው። "በእጅ ጽፋችሁ ስጧቸዋ" ብል "ከዚህ ውጭ አንዲት ጣሳ ብንሰጥ እንጠየቃለን" አሉኝ።

ታዲያ ፕሮግራሙን የሠራው ልጅ ከአዲስ አበባ መጣ ሲሉኝ እማሆይን ይዤ ደግሞ ሄድኩ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ተነሥቶ ወንበር ሰጠን። "ልጄ፣ ይኸ ነገርህ ተበላሽቷልና አብጀው" አልኩት።

"አባባ፣ አልተበላሸም" አለኝ። "በሙት ስም ስንዴ የሚወስድ አለና ከልክልልን ብለው አዘዙኝ፣ እሱም ከለከለ። ብልሽት የሚባለው ካዘዝኩት ሌላ ሲሠራ ነው።"

"እና እኒህ በቁማቸው የሚያዩህስ?"

"እሱማ ማንም ያልነገረኝ ነው። አዲስ ሥራ ነው የሚባለው።"

እኔ የቃል ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ለካ ብልሽት ከተባለ ልጁ በውሉ መሠረት እዚያው ቁጭ ብሎ ያበጃል፤ አዲስ ሥራ ከተባለ ግን አዲስ ውል፣ አዲስ በጀት፣ ከላይ ፈቃድ ይጠበቃል። ታዲያ የቢሮው ኃላፊ "ብልሽት ነው" ይላል፣ ልጁ "አለቆቼ ብልሽት ነው ብለህ ከፈረምክ ወደ ሥራህ አትመለስ ብለውኛል" ይላል፣ ስብሰባ ይቀመጣሉ፣ ይነሣሉ፣ ደግሞ ይቀመጣሉ።

"ልጄ" አልኩት፣ "ቀንበር ጠርቤ የሰው በሬ ትከሻውን ቢቆስል፣ እንዳዘዝከኝ ነው የጠረብኩት ብዬ እንቅልፍ ይወስደኛል? ቀንበር በሬ ካቆሰለ ተበላሽቷል፣ አለቀ።" መሬት መሬት አየ። "ልክ ነዎት፣ ግን መፈረም አልችልም" አለኝ።

እማሆይ እየከሱ ሄዱ። ከድርሻዬ ላካፍል ብል "የልጆችህን አፍ ነጥቄ አልበላም" ይሉኛል። ሚስቴ በሶ ብታደርስላቸው ጾም ላይ ነኝ ይላሉ። አንድ ቀን ጭራሽ "ሙት ነኝ ብዬ እግዚአብሔር ፊት ቆሜ፣ ሰው ሙት ነሽ ቢለኝ ምን ብዬ እከሳለሁ?" አሉኝ፣ እና ደሜ ፈላ። "እግዚአብሔር ስንዴ አልከለከለዎትም" አልኳቸው። በዚያው ሳምንት ዐረፉ።

ቀብሬ ስመለስ ቢሮው ገባሁ፣ አሁንም ስብሰባ ላይ ናቸው። "ዐርፈዋል" አልኩ። ልጁ ብድግ አለ። "ብልሽት ነው። ጻፉት፣ እፈርማለሁ" አለ። ኃላፊው ታዲያ ምን ቢል ጥሩ ነው? "አሁንማ ምን ይበጃል፣ ኮምፒውተሩ ልክ ሆኗል።" ያንን ሰው በያዝኩት ዱላ አለማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስማ አንተ ልጅ፣ ነገ እንዲህ ያለውን ነገር ስትሠራ፣ ሰው ከጎዳ ተበላሸ በል። ማን ምን አዘዘ የሚለውን ካበጀኸው በኋላ ተሟገት።

"አያ ሞላ፣ ያ ልጅ ግን በኋላ አበጀው?"

አበጀው እንጂ። ጠዋት ቁጭ ብሎ ለምሳ ተነሣ።