ደብረ ማርቆስን አልሰጥም

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ለሴት ልጅ ስምንተኛ ክፍል ይበቃታል ባይ ናቸው። ዘጠነኛን ደብረ ማርቆስ ልማር ስል አባቴ የሚጠብቀው የእሳቸውን ቃል ነው። የቡሄ ዕለት ቤታችን መጥተው እንቆቅልሽ ያዙ። «ከፍጥረት ሁሉ ረጅሙ ማነው?» ሲሉኝ፣ ሰው ፊት ድምፄ የማይወጣው እኔ፣ «የባሕር ትል» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። «ይህን ሁሉ ዓመት ተምራ ትል አለች። መልሱ ዓሣ ነባሪ ነው፤ በይ አገር ስጪኝ» አሉ። እንቆቅልሽ ያልመለሰ አገር ይሰጣል። ልጃቸው ስልኳን ከፍታ፣ «አባዬ፣ እውነቷን ነው። ዓሣ ነባሪው በክብደት ነው እንጂ በርዝመት እንደ ገመድ የቀጠነ የባሕር ትል ይበልጠዋል ይላል» አለች። እሳቸው ግን፣ «ትል ቢረዝም ያው ትል ነው። ደብረ ማርቆስን ስጪኝ» አሉ።

ተናደድኩ። ብሳሳት እሺ፤ በትክክል መልሼ ለምን እቀጣለሁ? «መልሻለሁ እኮ ጋሼ። ደብረ ማርቆስን አልሰጥዎትም፤ እማርባታለሁ» አልኩ።

አባቴ ወደ ወንድሙ ዞረና፣ «መልሳለች እኮ፣ ወንድም ጋሼ። አገሯን ይተዉላት» አለ።