ድንች የማይችል ቦርሳ

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበሩ ሥራ አስኪያጃችን ጋሽ ፍሥሐ፣ እንዲሁም ንግግሩ ሳያልቅ ዳቦው እንዳይነካ የተባላችሁ የስፌት ቤታችን ሰዎች፤ ይህን ሁሉ ስላዘጋጃችሁልኝ አመሰግናለሁ። ሁለት ክረምት ታገሣችሁኝ። ሰኞ ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ፤ አልሃምዱሊላህ፣ ለእናንተም እፎይታ ነው።

ስጦታዬንም አይቼዋለሁ። እኛው የምንሰፋው የጨርቅ ቦርሳ ነው። በፌስታል ተጠቅልሏል። «ፌስታል ይቅር!» የሚለው ጽሑፍ በፌስታሉ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

የጠቀለሉትን እትዬ አስናቀችን ለምን ብላቸው፣ «አቧራ እንዳይነካው ነዋ፣ አንቺ ደግሞ!» አሉኝ። አቧራ ካልነካው ገበያ መቼ ሊወጣ ነው? በሕልሙ?

እትዬ አይቀየሙኝ። ከየቀሚስዎ ጋር የሚሄድ የጨርቅ ቦርሳ እንዳለዎት ደብረ ብርሃን ያውቃል። ባለፈው ግን ቦርሳውን ትከሻዎ ላይ አንጠልጥለው፣ ሽንኩርት ሻጯን «ፌስታል ጨምሪልኝ፣ ቦርሳዬ ይሸታል» ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጋሽ ፍሥሐ፣ እርስዎ ምን ያስቅዎታል? መኪናዎ ውስጥ የተከመሩትን ስድስቱን ፌስታሎች ያላየሁ መሰለዎት?

እኔ ግን ዛሬ ሳቄ አልመጣ አለኝ። ከቅዳሜ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ለምን መሰላችሁ?

ቅዳሜ እናቴ ድንች ግዢ ብላ ላከችኝ። በገዛ እጄ የሰፋሁትን ነጭ ቦርሳ ይዤ፣ እየተጀነንኩ ወጣሁ። ሰባት ኪሎ ሞላሁበት። መናኸሪያው ጋ ስደርስ ማንጠልጠያው ተበጠሰና ድንቹ ወደ ጫጫ ከተማ የሚሄድ ሚኒባስ ሥር ገባ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ «እህቴ፣ ድንቹም ጫጫ ነው የሚሄደው?» አለኝ። ሰው ሁሉ አውካካ። እኔ ጎንበስ ብዬ ስለቅም የተበጠሰውን ክር አየሁት። አንድ መስመር ብቻ። የእኔ ስፌት።

ድንቹስ በምን ቤት ገባ? በሦስት ፌስታል!

ጋሽ ፍሥሐ፣ ያስታውሳሉ? እትዬ ወለተሐና ከወለጋ ተፈናቅለው መጥተው፣ ከመጠለያው እየተመላለሱ እዚህ ሥራ የጀመሩ ሰሞን ማንጠልጠያውን ደራርበው ሰፉት። እርስዎም «ይሄ የኮርቻ ስፌት ነው፣ ፋሽን አያውቁም እንዴ?» አሏቸው። እሳቸው ከማሽኑ ቀና ሳይሉ ምን መለሱ? «ከቀዬዬ ስወጣ የያዝኩት አንድ ማዳበሪያ ነበር። እንዲህ አድርጌ ማንጠልጠያ ሰፋሁለት። የልጆቼን ልብስ ሁሉ እዚህ አድርሶልኛል።»

እሳቸው በቀን አሥራ አምስት ይሰፋሉ፣ እኔ አርባ። እርስዎ «ዩምናን እዩ፣ በልጅ ተበለጣችሁ!» ሲሉ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። እነሆ እትዬ ወለተሐና ዘገምተኛ ተብለው ከሰኞ ጀምሮ እንዳይመጡ ተነግሯቸዋል። የተለኩት በእኔ ነው። የእኔ አርባ ደግሞ ሰባት ኪሎ ድንች አልቻለም!

ስለዚህ ስጦታውን መልሱትና ሌላ ነገር ስጡኝ። በምለቀው ማሽን ላይ እትዬ ወለተሐና ይቀመጡ። ማንጠልጠያውም ሁሉ በእሳቸው ስፌት ይሰፋ።

ምን አሉ ጋሽ ፍሥሐ? «ሰኞ እናየዋለን»? ሰኞማ እሳቸው በር ላይ ይቆማሉ፣ እርስዎ ስብሰባ ላይ ነዎት። አሁን ይበሉት፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት። … ምን? ጮክ ይበሉ እንጂ! … «ይቀመጡ»? ሰማችሁ አይደል? እትዬ አስናቀች፣ ምስክር ነዎት!

እትዬ ወለተሐና፣ እባክዎ ከመቀመጫዎ አይነሱ። እኔን አያመስግኑኝ። በእርስዎ ኪሳራ ስሞገስ የከረምኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።

በሉ፣ ደህና ሁኑልኝ። አላህ ጉልበታችሁን አይንሳችሁ፣ ዓይናችሁን ከመርፌው ቀዳዳ አያርቀው። ከስፍራው የተፈናቀለውን ሁሉ ወደ ቀዬው ይመልስልን። የሰፋችሁትም የያዘውን ሳይጥል ከሰው ቤት ይግባ። አሚን በሉ!