ያልተቆረጠው ሪባን

ከሽንፋ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ ምጥ የያዛትን ምራታቸውን ደግፈዋል። አጠገባቸው ያለው ጎልማሳ ካለፈው የምረቃ በዓል ወዲህ ያላወለቀውን «የምረቃ ኮሚቴ» የሚል ባጅ ደረቱ ላይ ለጥፏል።

«አንተ፣ የቀበሌያችን ኮሚቴ አይደለህ?»

«ነኝ እማማ።»

«ጤና ኬላው አላለቀም?»

«ቀለሙ ሳይቀር አልቋል።»

«ነርሷስ?»

«ከመጣች ሰነበተች።»

«ታዲያ ይቺን ልጅ በዚህ ኮረኮንች ለምን አንገላታታለሁ?»

«ሪባኑ አልተቆረጠማ! የክብር እንግዳው ከዞን ሳይመጡ በሩ አይከፈትም።»

«ለውኃው ምረቃ ሰንጋ ጣላችሁ፣ እልል አልን። ለትምህርት ቤቱ ጣላችሁ፣ እልል አልን። ዓመቱን ሙሉ ጉሮሯችን ተላጠ እኮ!»

«ልማት ነዋ እማማ፤ ይደሰቱ እንጂ!»

«ተደስቻለሁ። እንግዳው መቼ ነው የሚመጡት?»

«የሰሊጥ አጨዳው ሲያልፍ ብለዋል።»

«ምጥ የሰሊጥ አጨዳ ይጠብቃል?»

«እኔ ምን ላድርግ?»

ምራትየዋ አቃሰተች።

«አይዞሽ ልጄ፣ ማርያም ትቅረብሽ! ሹፌር፣ ጉድጓዱን እያየህ እንጂ!» ወደ ሰውየው ዞሩ። «ስማ፣ ይቺ ልጅ በሰላም ትገላገል እንጂ፣ ስመለስ ሪባኑን እኔው እቆርጠዋለሁ። የጎረቤቴም ልጅ ወሯ ገብቷል።»

ሰውየው ሳቀ። «በምን ሊቆርጡት እማማ? በጥርስዎ?»

መተማ ገበያ ልሸጠው የያዝኩትን የሟች ባለቤቴን የልብስ ስፌት መቀስ ከዘንቢሌ አወጣሁና ሴትዮዋ ጭን ላይ አስቀመጥኩት።