ከአልጋ ላይ የተለካ ውሃ

እኔ መሬት ለኪ ነኝ። ሥራዬ ሜትር ዘርግቶ ወሰን ማሳየት ቢሆንም እግረ መንገዴን ማለም እወዳለሁ፤ ባለቤቴም «አንተ የምትለካው ደመና ነው» እያለች ታሾፍብኛለች። በዚያ የበጋ ከሰዓት በኋላም፣ ቀኑ ራሱ እንቅልፍ እንቅልፍ ባለው ሰዓት፣ በሐሳብ ጭልጥ ብዬ ስሄድ አንዲት ባልዲ ያንጠለጠለች ወጣት መንገድ ላይ ደረሰችብኝ።

«ወዴት ነው ጋሼ?»

«ነጎድጓድ ቤት። የፍራፍሬ ቦታቸውን ሊሸጡ ነውና ልለካላቸው።»

«እኔ ደግሞ እንዳይሸጡ ልለምናቸው ነው። አጎቴ ናቸው» ብላ ሳቀች። የኤሌክትሪክ ትምህርቷን በቅርቡ የጨረሰች ናት። አንዳችን ልናስሸጥ፣ አንዳችን ልናስቀር፣ ጎን ለጎን ተጓዝን።

ነጎድጓድ የተባሉት ሲናገሩ ስለሚጮኹ ነው። ዕድሜያቸውን በናፍጣ ወፍጮ ሲፈጩ ኖረው አሁን ቤት ውለዋል። ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ ከፍራፍሬ አትክልታቸው በታች ወዳለው ፏፏቴ ወርደው አያውቁም። ባለቤታቸው ስኳር አለባቸው፤ መድኃኒታቸው ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ ቤቱ ግን መብራት የለውም። ከተማ ያለችው ልጃቸው «ማቀዝቀዣ ካልገባ እናቴን እወስዳታለሁ» ብላ ቁርጡን ነግራቸዋለች። ስለዚህ ሽማግሌው አትክልቱን ሽጠው ከፏፏቴው መብራት የሚያመነጭ ትልቅ የውሃ ተርባይን ሊገዙ ቆርጠዋል።

በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ባለቤታቸው ከመስኮቱ ሥር ክር ያጠነጥናሉ።

«አጎቴ፣ የውሃውን ኃይል በምን ገመቱት?» አለች ልጅቷ።

«በጆሮዬ ነዋ!» ብለው ጮኹ። «አልጋዬ ላይ ሆኜ ሌሊቱን ሙሉ እሰማዋለሁ። ሕልሜ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ይኼ ውሃ እንኳን አንድ ማቀዝቀዣ፣ አገር ምድሩን ያበራል!»

እኔ በልቤ ለእሳቸው አደላሁ። ውሃ እየሰማ የሚተኛ ሰው ያስቀናኛል።

«ድምፅ ኃይልን አይነግረንም» አለች ረጋ ብላ። «የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው፤ ውሃው ከስንት ሜትር ይወርዳል? በሰከንድስ ስንት ሊትር? ሁለቱን ያባዙና እንደገና በአሥር ያባዙታል። ከዚያ ግማሹን ይተዉታል፤ በቧንቧውና በማሽኑ የሚባክን ነው። የተረፈው ዋት ነው።»

«ግማሹን ተዉት? ይኼን ሁሉ ዓመት ያስተማሩሽ መጣል ነው እንዴ?»

ተያይዘን ሳቅን። ከዚያ እሷ ባልዲዋን፣ እኔ ሜትሬን ይዘን ወደ ታች ወረድን። በዛፎቹ መካከል ያለው አረንጓዴ ጥላ ዝም ብሎ ያፈዛል። ፏፏቴው ግን ከድንጋዩ ላይ እንደ ፈትል ቀጥኖ፣ ያለ ኮሽታ ነበር የሚወርደው። ከፍታውን ለካሁ፤ ስድስት ሜትር። እሷ ውሃውን በቆርቆሮ ሰብስባ ወደ ባልዲዋ መለሰችው፤ ሃያ ሊትሩ ለመሙላት አሥር ሰከንድ ፈጀ።

«በሰከንድ ሁለት ሊትር ነው» አለቻቸው ስንመለስ። «በስድስት፣ በአሥር፤ መቶ ሃያ። ግማሹ ስድሳ ዋት። ዝናብ እስኪመጣ ደግሞ እየቀነሰ ጭራሽ ይጠፋል። ያ ትልቅ ተርባይን በዚህ ውሃ ንቅንቅ አይልም።»

«ውሸት! ይኸው እየሰማሁት!»

ያን ጊዜ ባለቤታቸው ክሩን አስቀመጡ። «አንተ ሰው፣ እስቲ ጆሮህን በሁለት እጅህ ድፈነው።»

ሽማግሌው እያጉረመረሙ ደፈኑ። ጥቂት ቆዩ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ተለወጠ፤ እጃቸውን አወረዱ፣ እንደገና ደፈኑ።

«አሁንም ይሰማኛል» አሉ።

«ከውስጥህ ነዋ። የወፍጮው ጩኸት ነው ጆሮህ ውስጥ የቀረው። እኔ በበጋ ያንን ውሃ ሰምቼው አላውቅም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እሱን እየሰማህ ስትተኛ ደስ ይልህ ነበር። ደስታህን ለምን ልንጠቅህ? አትክልታችንን ሊያሳጣን ሲል ግን አልቻልኩም።»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንግዲህ ትወሰዳለች ማለት ነው?» አሉ።

«አይወሰዱም» አለች ልጅቷ። «ውሃው የሚጠፋው ፀሐይ በምትበረታበት ጊዜ ነው። ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ደግሞ ውሃው ይሞላል። ሁለቱ እየተፈራረቁ ያገለግሉዎታል። ሁለት መቶ ዋት የሆነ አንድ የፀሐይ ሰሌዳ፣ በቀን አምስት ሰዓት ያህል ጥሩ ፀሐይ ካገኘ፣ ከብክነቱ የሚተርፈው በባትሪ ተጠራቅሞ ለአንዲት ቆጣቢ ማቀዝቀዣ ቀንም ሌሊትም ይበቃል። ለዝናቡ ወራት ትንሽዬ ተርባይን እንተክላለን።»

«ወጪውስ?»

«ሁለቱ ተደምረው የትልቁን ማሽን ሩብ አይሞሉም። ባትሪው ግን በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል፤ እሱን ከዛሬው ወጪ ካልቆጠርነው ኋላ ጉድ ይሠራናል። የዘንድሮውን ፍሬ ይሽጡ፤ ዛፎቹ ይቆዩ።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «ለኪው፣ ሜትርህን ጠቅልል» አሉኝ። ሥራ አጥቼ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዝናቡ ሲገባ ልጠይቃቸው ሄድኩ። መድኃኒቱ ከማቀዝቀዣው ውስጥ ነው፣ ባለቤትየዋ ከመስኮታቸው ሥር፣ ዛፎቹም በቦታቸው። ማታ አምፖል ይበራል፤ ጎረቤቶችም ስልካቸውን እዚያው ይሞላሉ። ይህ ሁሉ የተገኘው ከመግዛት በፊት በመለካት ነው፤ እኔ ሕልመኛው ይህን ስናገር ሰው ቢስቅብኝም ትክክል ነኝ።

ነጎድጓድ የማቀዝቀዣውን ድምፅ አይሰሙም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መዳፋቸውን በጎኑ ላይ ያሳርፋሉ፤ ሲንቀጠቀጥ ፈገግ ይላሉ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረው፣ «ውሃውስ?» ይላሉ።

ባለቤታቸው ክራቸውን አቁመው ያዳምጣሉ።

«ዛሬ አለ» ይሏቸዋል።