ያለ ደብዳቤ የመጣ እንግዳ

የአንጾኪያው የጨርቅ ቀለም ነካሪ፣ አዛውንቱ ዘብዳይ፣ ወፍራም የሱፍ ካባ በብብታቸው ሸጉጠው ሲጣደፉ ድልድዩ ላይ ከእኅታቸው ልጅ ከበርኒቄ ጋር ተገጣጠሙ። ካባውን የክርስቲያን ማኅበራቸው ሴቶች የሸመኑት በቀጰዶቅያ ተራሮች ወንጌል ሊሰብክ ለተላከው ለኒቃንድሮስ ነው። ከሄደ ሦስት ዓመቱ፤ እስከ ቅርብ ቀን ድረስ ይሙት ይኑር የሚያውቅ አልነበረም።

«ወዴት ነው አጎቴ?»

«ካባውን ለእንግዳችን ለዳፍኖስ ላስረክብ። ከኒቃንድሮስ ዘንድ ነው የመጣሁት ብሏል፤ ነገ ወደ እሱ ይመለሳል።»

«ነገ ነገ ሲል ዐሥራ አንድ ቀኑ። ለመሆኑ ከኒቃንድሮስ ደብዳቤ ይዟል?»

«እናንተ ፊደል የቆጠራችሁ ልጆች፣ ከሰው ይልቅ ብራና ታምናላችሁ! ማዕድ ላይ ሲጸልይ አላየሽም? ምስሩ እስኪበርድ እኮ ነው!»

«ይበርዳል እንጂ አይተርፍም።»

ዘብዳይ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ችግሩ ደግነታቸውን ሁሉ ጸሎት ለሚያረዝም ሰው ማደላቸው ነው።

«አባቶቻችን በቃል ነበር የሚላላኩት» አሉ። «ቃል ከልብ ይወጣል፤ ብራና ግን ከፍየል።»

«ፍየሏ ግን ቃሏን አትለውጥም፣ አጎቴ።»

በዚህ መካከል አንድ አቧራ የለበሰ መንገደኛ እየተነጫነጨ መጣ። «የሟቹ የዘብዳይ ቤት በየት በኩል ነው? ይህ ከተማ ከጠዋት ጀምሮ ያዞረኛል!»

«ዘብዳይ እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው።

ሰውየው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «እንዴት ተደርጎ! ተዝካርዎን እኮ በልቻለሁ!»

ከጉያው ያወጣውን ደብዳቤ በርኒቄ ተቀብላ አነበበች፦

«ከኒቃንድሮስ፣ በአንጾኪያ ለቀራችሁ ወንድሞችና እኅቶች። ይህን የሚያደርሰው ሩስቲኮስ ቆዳ ነጋዴ ነው፤ ነጭናጫ ነው፣ ያንኮራፋል፣ ግን እውነተኛ ነው። አምና ዳፍኖስ የሚባል ሰው መጥቶ፣ አባታችን ዘብዳይ እንዳረፉ፣ ማኅበሩም እንደተበተነ ነገረን። አለቀስን፤ ተዝካር አወጣን፤ ከሁሉ አብልጦ የበላው እሱ ነው። የላከኝ ቤት ከፈረሰ ለማን ብዬ እደክማለሁ? የቀረ ሰው ካለ አንድ መስመር ይጻፍልኝ፤ ካልሆነ ሥራውን እተዋለሁ።»

«ተዝካሬን በልቶ፣ ደግሞ ምስሬን!» ብለው ጮኹ ዘብዳይ። ወዲያው ግን ድንጋይ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። ኒቃንድሮስ በባዕድ አገር ብቻዬን ቀረሁ ብሎ ሲብሰለሰል፣ እሳቸው ካባውን ለቀጣፊ ሊሸልሙ ነበር።

ቤት ሲደርሱ ዳፍኖስ ማዕድ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። ሲገልጥ ሩስቲኮስን ፊት ለፊቱ አየ። ያን ዕለት አሜን ሳይል ወጣ።

በማግሥቱ ዘብዳይ በማኅበሩ መካከል ቆሙ። «ደብዳቤ የሌለው መንገደኛም ይብላ፣ ሁለት ሌሊት ይደር፤ የማኅበር ዕቃ ግን አይያዝ። መልእክተኛ ማንነቱና የያዘው ዕቃ ይጻፍለት። ያኔ የላክነው ሰው እንዳልተረሳ ያውቃል፣ እኛም መድረሱን እናውቃለን፤ ፊቱ ያላማረ እውነተኛም አይጠረጠርም።» እውነታቸውን ነው፤ ጸሎት ወደ ሰማይ ብቻውን ይደርሳል፣ ካባ ግን ታማኝ ተሸካሚ ይፈልጋል።

ካባውን ለሩስቲኮስ አስረከቡና በርኒቄን አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ጻፊ፦ ልጄ ኒቃንድሮስ፣ አለሁ። ሁላችንም አለን፤ አንድ ቀን እንኳ አልረሳንህም። ስሞትም ደብዳቤ አስጽፌ እነግርሃለሁ፤ ያለዚያ እንዳታምን።»