የሂተሩ እቁብ

በእኛ ጊዜማ ሙቀት ራሱ በእጣ ነበር የሚደርሰን። ምን ያስቃችኋል? በእኛ ጊዜ ስል የአያቴን ዘመን የማወራ መሰላችሁ? የኮሮናውን ጊዜ ነው የምላችሁ፣ ትናንት ነው፣ ግን ያኔ ይሄ ጢም ጥቁር ነበር። አማረች ትመስክር። አማረች፣ ጥቁር አልነበረም?

"አልነበረም" ትላለች። ተዉአት።

ታዲያ ያኔ የምንኖረው ጀፕስታውን የሚባል ሰፈር ነው፣ አንድ አሮጌ ቤት ውስጥ፣ አራት ክፍል፣ ኮርኒሱ እዚያ ሰማይ ላይ፣ ወለሉ ጣውላ። ንፋሱ በጣውላው መሃል ይገባል፣ በበሩ ስር ይገባል፣ በመስኮቱ ይገባል፣ የማይገባው ኪሳችን ውስጥ ብቻ ነው፣ እዚያ ደሞ ምን አለና ምን ሊያደርግ ይገባል? እኛ አገር ክረምት ሲባል ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ታውቁታላችሁ። የዚህ አገር ክረምት ግን ጠብታ ዝናብ የለውም፣ ፀሐይዋ ፍንትው ብላ ወጥታ ጥርስህ ይንቀጫቀጫል። ፀሐይዋን አይተህ በሸሚዝ ትወጣለህ፣ ከዚያ ሮጠህ ትመለሳለህ።

እና በአንደኛው ክፍል እኔና አማረች ነን፣ እሷ እርጉዝ ናት፣ ሆዷ እዚህ ደርሷል። በሁለተኛው ሙደስር አለ፣ የስልጤ ልጅ፣ ጀፕ፣ የሐበሻ ሱቅ የሞላበት ገበያ ላይ፣ ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጥ። ብርድ ልብስ ይሸጣል፣ ራሱ ጃኬት ለብሶ ይተኛል! "ሙደስር፣ አንድ እንኳ ለራስህ አታመጣም?" ስለው "ሄራሞ፣ እኔ ከለበስኩት እኮ አሮጌ ነው፣ ማን ይገዛኛል?" ይለኛል። በሦስተኛው ወንድም ማርቆስ አለ፣ የእኛው የሆሳዕና ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ሎኬሽን፣ ጥቁሮቹ ሰፈር ውስጥ፣ ስፓዛ የምትባል ትንሽ ሱቅ ያለው፣ በሽታውን በጣም የሚፈራ፣ ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ እንኳ ማስክ የሚያደርግ። በአራተኛው ታሪኩ አለ፣ ገና ያላገባ ጎረምሳ። በቃ፣ ቤቱ ይሄ ነው።

መብራቱ ደሞ ቀድመህ ከፍለህ የምትገዛው ነው፣ ቁጥሩን ገዝተህ መጥተህ ቆጣሪው ላይ ትመታዋለህ፣ ሊያልቅ ሲል ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል። አራታችንም ሂተር አለን፣ ያ ሽቦው ቀይ የሚሆነው። አራቱ ሲሰካ ቆጣሪው እንደ ሶዌቶ ታክሲ ይበራል፣ ከዚያ ፊውዙ ዷ! ጨለማ። ሱቅ ተዘግቷል፣ በኋላም ሲከፈት ገበያተኛ የለም፣ ሰው ሁሉ ሥራ ፈቷል፣ በዚያ ቤት ውስጥ ሥራ ያልፈታው ቆጣሪው ብቻ ነበር።

ታዲያ አንድ ማታ ራት ላይ ቆጣሪው ጢጥ ሲል ወንድም ማርቆስ "ወንድሞች፣ እንጸልይ" አለ።

ሙደስር "ጸሎቱ ይሁን፣ ግን ሂተርም እንቀንስ። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሂተር ብቻ ይሰካ" አለ።

"ጥሩ ሐሳብ ነው!" አልን ሁላችንም።

"የማን ክፍል?" አለ ታሪኩ።

ሁሉም ወጡን ያያል።

ከዚያ ሙደስር ጠረጴዛውን ጧ አድርጎ "እቁብ!" አለ። "እቁብ እንግባ!"

"በምን ብር?" አልኩት።

"በብር አይደለም ሰውዬ፣ በሂተር! ማታ ማታ እጣ ይወጣል፣ የወጣለት ይሞቃል።"

እንግዲህ የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ። ሦስት ሆነን ከተቀመጥን እኮ እቁብ ነው፣ ዳኛ ነው፣ ቅጣት ነው። ሦስቱን ሂተር ጓዳ ቆለፍንበት፣ አንዱን አስቀረን፣ ዳኛ እኔን አደረጉኝ፣ ለምን ብትሉ መቆጣት ስለማልችል ነው። ሕግ አወጣን። እጣ የሚወጣው ከራት በኋላ፣ የደረሰው ዙሩ እስኪያልቅ አይገባም፣ ሂተሩ የደረሰው ሰው ክፍል ከገባ እስከ ጠዋት አይወጣም። በዚህ ላይ ሙደስር "ዋስስ?" አይልም!

"የምን ዋስ?" አልኩት።

"የደረሰው ሰው ሂተሩን ይዞ ቢጠፋስ?"

"ኧረ ሙደስር፣ ውጭ ሰዓት እላፊ ነው፣ ፖሊስ ነው፣ ሂተር አቅፎ ወዴት ይጠፋል?"

"ሕግ ሕግ ነው" አለ።

እና ማርቆስ ለታሪኩ ዋስ ሆነ፣ ታሪኩ ለሙደስር፣ ሙደስር ለማርቆስ፣ ሰው ሁሉ እንደዚያ ተያያዘ። ትስቃላችሁ፣ እኛ ግን አንስቅም ነበር፣ የምራችንን ነው።

የመጀመሪያው እጣ ለወንድም ማርቆስ ወጣ። ዘመረ! ሂተሩን ታቅፎ ገባ፣ ወንበር ሳበ፣ ካልሲውን አወለቀ፣ እግሩን እንዲህ ዘረጋና... ድርግም! ሎድሼዲንግ፣ የመብራት ፈረቃ። ሰፈሩ በሙሉ ጠፋ። በጨለማ እየዳበሰ መጥቶ "ዳኛ፣ እጣዬ ይደገምልኝ" አለኝ። "ወንድም ማርቆስ፣ እቁቡ ሂተር ነው የሚሰጥህ፣ መብራት አይሰጥህም" አልኩት። ሌላ ቀን ደሞ ታሪኩ ጉንጩን ይዞ መጣ። "ጋሽ ሄራሞ፣ ጥርሴን አሞኛል፣ ዛሬ ያለ እጣ ለእኔ ይፈቀድልኝ።" እቁብ ላይ ለቸገረው መፍቀድ ያለ ነው፣ ግን እኔ ዳኝነቱ ሞቆኛል፣ ሂተሩ ባይሞቀኝም። "ምነው፣ ጥርስህን ልትጠብሰው ነው? ለአንዱ ከፈቀድኩ ለሁሉም ልፈቅድ ነው፣ ለራሴ ቤት እንኳ አላደርገውም!" አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ።

አማረች ከማድቤቱ በር ሆዷን ይዛ ታየኛለች። "ሄራሞ፣ ቃልህን ቀስ እያደረግህ አውጣ፣ እኔ ልወልድ ነው" አለችኝ። እኔ ሳቅኩ።

ወለደች። ሆስፒታሉ በኮሮና ምክንያት ባል አያስገባም፣ እኔ በር ላይ ከዘበኛው ጋር ተገትሬ "ወለደች? ወለደች?" ስል፣ አማረች ራሷ በስልክ "ሴት ናት" አለችኝ፣ ዘበኛውን ላቅፈው ስል "ርቀት፣ ባባ፣ ርቀት!" ብሎ ሸሸኝ። በማግስቱ ውጪ አሏት። ታክሲ ገባን፣ መስኮቱ በሙሉ ክፍት። "ወንድሜ፣ አራስ ናት፣ ዝጋልኝ" ብለው ሹፌሩ "ለኮሮና ነው ባባ፣ ከዘጋሁ ይቀጡኛል" አለኝ። ምን ላድርግ፣ እኔ ራሴ መስኮት ሆንኩ። ጀርባዬን ለንፋሱ ሰጥቼ እንዲህ ተለጥፌ ቤት ደረስን፣ ስወርድ ወገቤ አልዘረጋ ብሎ ጎብጬ ነው የገባሁት፣ ሰው ሲያየኝ የወለድኩት እኔ ነው የምመስለው።

በር ላይ ሦስቱም ተሰልፈዋል። ማርቆስ ሁለት ማስክ ደርቦ "እንኳን ጌታ በሰላም ገላገለሽ!" ይላል፣ ሙደስር "እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ እህቴ!" ይላል፣ ታሪኩ ከጀፕ ቡላ አምጥቶ ገንፎ አገንፍቷል፣ ጓል በጓል ነው ግን ገንፎ ነው። ሙደስር ደሞ ጉድ ሠራ፣ ብርድ ልብስ አመጣ! ከነፕላስቲኩ። "አልብሳት፣ ፕላስቲኩን ግን እንዳታወልቁ፣ ስትጨርሱ ይመለሳል" አለኝ። አለበስኳት፣ አማረች በተነፈሰች ቁጥር ኮሽ፣ ኮሽ፣ ኮሽ። ልጅቷ ደነገጠች፣ እሪ አለች። ሙደስር አጎንብሶ ልጅቷን አያት፣ ከዚያ ፕላስቲኩን በጥርሱ ይዞ ቀደደው። እኔ ሙደስር ዕቃ ሲያበላሽ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ታዲያ ብርድ ልብሱ ቢኖርም ክፍላችን ፍሪጅ ነው። የልጅቷ አፍንጫ ቀላ። አራስ ብርድ ከመታት ዕድሜዋን ሙሉ አይለቃትም እየተባልን ነው ያደግነው፣ ልጅቷ ደሞ ገና የአንድ ቀን እንግዳ ናት፣ እንደ ጣት ናት። የዚያን ማታ አዲስ ዙር ጀመርን፣ እጣው ለታሪኩ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ሂተሩን ታቅፎ ቆመ፣ አይገባም።

"ጋሽ ሄራሞ፣ የሚሉኝ ነገር አለ?" አለኝ።

አንድ ቃል ነው እኮ! "ለአራሷ ስጣት" ነው የምለው። ጥርሱን አሞት ሲለምነኝ ያልኩት ትዝ አለኝ። ሙደስርም ቆሞ ያየኛል፣ ማርቆስም ያየኛል።

"ምንም የለም። ግባ፣ ሙቅ" አልኩት።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ሕግ ሕግ ነው።"

ገባ። እኔም ገባሁና ሱሪዬን በበሩ ስር ወተፍኩ፣ መስኮቱን በካርቶን ሸፈንኩ፣ ካርቶኑ አልበቃ ሲል እንደገና ራሴ ቆምኩበት። አማረች ከአልጋው ታየኛለች።

"ሄራሞ።"

"አቤት።"

"ሂተሩ ከታሪኩ ክፍል መውጣት አይችልም፣ አይደል?"

"አይችልም። ሕጉ ነው።"

"ሰው ታሪኩ ክፍል አይግባ የሚል ሕግ አለ?"

አሰብኩ። ዳኛ ነኝ፣ ማሰብ አለብኝ። "የለም" አልኳት።

"እንግዲያው ነጠላ ጫማዬን አቀብለኝ።"

ተነሣች! ልጅቷን ታቅፋ፣ ብርድ ልብሱን እየጎተተች፣ ኮሪደሩን አቋርጣ፣ ቋ ቋ ቋ። "ታሪኩ፣ ሂተሩ ያንተ ነው፣ እጣህ ነው፣ አልነካብህም። እኔ የምፈልገው አልጋህን ነው።"

በሩ ወዲያው ተከፈተ፣ ታሪኩ ትራሱን ይዞ ተዘጋጅቶ ቆሟል! "ግቡ እትዬ አማረች፣ ተመስገን፣ ሂተሩን እኮ ገና አልሰካሁትም፣ እርስዎ በብርድ እያሉ እንዴት ልሙቅ?" አለና ፈትለክ ብሎ ወጣ።

በማግስቱ እጣው ለማርቆስ። አማረች ደረሰች። ማርቆስ "ግቢ እህቴ፣ ጌታ ይባርክሽ፣ ግን መስኮቱን ልክፈተው፣ አየር ካልገባ በሽታው ይይዘናል" አላት። "ወንድም ማርቆስ፣ አየሩ ከሚገባ አንተ ውጣ" አለችው። ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰው ነው የቀረን፣ እኔና ሙደስር። ሙደስር እጁን ዘርግቶ "ያ ረቢ፣ ዛሬ እንዳይወጣብኝ!" ይላል። ለእጣ የሚጋፋ ሰው እጣ ሲሸሽ አያችሁ? ወጣበት።

"እጣዬን እሸጣለሁ!" አለ።

"ማን ይገዛሃል?"

"በነጻ! ኧረ በነጻ፣ ብርድ ልብስ እመርቃለሁ!"

አማረች ከኋላው ቆማለች። ገባች። ስልኩን ረስቶ ሊያወጣ ቢመለስ በሩን በትንሹ ከፍታ "ተኝታለች፣ ጠዋት ና" አለችው። የራሱ ክፍል ነው እኮ!

ከዚያ ስብሰባ ጠራን። ሙደስር "ዳኛ፣ ይሄ እቁብ አልሆነም፣ የደረሰው ሰው ነው የሚባረረው!" አለ። "ምን ይሻላል?" አልኩ። "ሂተሩ አራሷ ጋ ይክረም፣ እኛ በሰላም እንተኛ" አለ ታሪኩ። እጅ አወጣን፣ ማርቆስ ሁለት እጁን አወጣ። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ክፍሌ ልገባ ስል አማረች በሩ ላይ ቆማ "አንተ ታንኮራፋለህ" ብላ ትራሴን አቀበለችኝ።

እና ተጠጋግተን ብንተኛ ይሻላል ብለን አራት ወንዶች ታሪኩ ክፍል ገባን፣ ትንሿ ክፍል የእሱ ናት። ፍራሽ በፍራሽ ላይ፣ ማርቆስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ማስኩን አድርጎ። ሙደስር ከሱቁ ብርድ ልብስ ያመጣል፣ አሁን ፕላስቲክ የሚባል ነገር የለም። ራት ተበልቶ ሰዓት እላፊ ሲገባ የት ይኬዳል? ወሬ ነው። ሙደስር ገበያተኞቹን እያስመሰለ ሲያወራ፣ "ማይ ፍሬንድ፣ ይሄ ብርድ ልብስ ቀዝቃዛ ነው፣ ቀንስልኝ" ያለችውን ሴት ሲያመጣት፣ ማርቆስ ማስኩን አውልቆ ይስቃል፣ ጣውላው ይንቀጠቀጣል። ደሞ ሞቀን! አንድ ሂተር የለም፣ አራት ወንድና ስምንት እግር ብቻ፣ እግራችንን ተዉት፣ እሱም ያሞቃል።

አንድ ምሽት እንዲያ ስንስቅ በሩ ተከፈተ። አማረች! ልጅቷን ታቅፋ። መሃላችን መጥታ ተቀመጠች። ተቀመጠች፣ አልተነሣችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሽት ሲሆን ሂተሯን አጥፍታ ትመጣለች፣ ልጅቷን ሙደስር ይታቀፋታል፣ የምትተኛበት ሰዓት ሲደርስ ብቻ ነው ክፍሏን አሙቃ የምትሄደው፣ ቆጣሪውም አረፈ፣ እኛም አረፍን። እና እኔ የምለው ምንድነው፣ ሰው ብቻውን ሆኖ ሂተር አያሞቀውም። አማረች እኮ ቀይ የጋለ ሂተር ጥላ የመጣችው የሰው ሙቀት ፈልጋ ነው!

"ውሸታም!" ትላለች ደሞ። ስሟት፣ ስሟት።

"ልቆጣችሁ ነው የመጣሁት እንጂ! በሳቃችሁ ልጄን ቀሰቀሳችኋት!"

ታዲያ ለምን አልተቆጣሽንም?

"ሙደስር ወሬውን እስኪጨርስ ብዬ ተቀመጥኩ፣ እሱ መች ይጨርሳል? ኋላ ሞቀኝና ቁጣው ጠፋብኝ።"