ዝቅ ያለው ወለል

ወደ አውቶቡስ ጋራዡ የሄድኩት የጠፋ ጃንጥላዬን ፍለጋ ነበር። ጃንጥላውን ባላገኝም ያልጠበቅሁት ሙግት ገጠመኝ። ሠላሳ ዓመት ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ የነዱ ጡረተኛ ሹፌር፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ አዲስ አውቶቡስ ፊት ቆመው፣ ከሠሩት መሐንዲሶች አንዷ ከሆነች ወጣት ጋር ይከራከራሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ወለል እኮ መሬት ሊልስ ምንም አልቀረው! አውቶቡስ ከፍ ሲል ነው የሚያስከብረው።»

«ከፍ ያለው ለክብር አልነበረም፣ ጋሼ። ከፊት ካለው ሞተር ወደ ኋላ ጎማ የሚደርሰው ዘንግ ከሥሩ ቦታ ስለፈለገ ነው። እኛ ሞተሩን ወደ ኋላ ወሰድነው፤ ጎማዎቹን የሚያገናኘውን ብረትም መሃሉን ወደ ታች አጎበጥነው። አሁን ቁመቱ ሳይጨምር የታችኛው ፎቅ ተሳፋሪ ቀና ብሎ ይቆማል።»

«ጎርፍ ሲሞላስ?»

«ጎማው ላይ ያለው ከረጢት በአየር ሲነፋ ከፍ ይላል። ፌርማታ ላይ ደግሞ በበሩ በኩል ጎንበስ ይላል።»

«አውቶቡስ ጎንበስ ሲል!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን መሃል ላይ ተቆረጠ።

«ባለቤቴ ጉልበቷን ያማታል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንድ ቀን በእኔው አውቶቡስ እህቷ ዘንድ ልትሄድ መጣች። ሦስቱ ደረጃ አቃታት። እኔ እሷ መሆኗን አላየሁም፤ እንደ ልማዴ ‹ውጡ፣ ውጡ እንጂ!› አልኩ። ወደ ላይ ማለቴ ነበር። እሷ ከዚህ ጥፉ ያልኳት መስሏት ተመለሰች። እህቷን ካየች ስድስት ዓመቷ። ቀኑን ሙሉ በመስኮት እህቷ ወዳለችበት ወደ ወንዙ ማዶ ስታይ ትውላለች። ናፍቆቷን እያየሁ መቀመጥ ሰለቸኝ።»

በሦስት ደረጃ የተነሳ ስንቱ ከዘመዱ ተለያይቶ ይሆን? እስከዚያች ቀን ሳላስተውለው በመኖሬ በራሴ ተናደድኩ።

ወጣቷ ገብታ አንድ ቁልፍ ተጫነች። አውቶቡሱ ተንፍሶ ጎኑን አዘነበለ፤ በሩም ከእግረኛው መንገድ ጋር እኩል ሆነ። ሽማግሌው ገቡ፣ ወረዱ፣ ደግመው ገቡ።

«ተረታሁ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «መቼ ነው ሥራ የሚጀምረው?»

ሥራ በጀመረበት ቀን እኔም ተሳፈርኩ። ነፍሰ ጡሯ፣ ልጇን በጋሪ የምትገፋው፣ በክራንች የሚሄደው፣ ሁሉም የማንንም እጅ ሳይለምኑ ገቡ። ፌርማታ ላይ የምናባክነው ጊዜም አጠረ። የጡረተኛው ሹፌር ባለቤት ከባላቸው ጎን በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው ወንዙን እስክንሻገር ማዶውን ሲያዩ ቆዩ።

ማዶ ፌርማታው ላይ እህታቸው በምርኩዝ ቆመው ይጠብቃሉ። ሚስትየው ሊወርዱ ሲነሱ እህትየው ቀድመው ገቡና እጃቸውን ይዘው መልሰው አስቀመጧቸው። ጡረተኛው ወንበራቸውን ለእህትየው ለቀቁላቸው።

«የት ነው የምንወርደው?» አሉ ጡረተኛው ግራ ገብቷቸው።

«ማን ይወርዳል?» አሉ እህትየው። «ለሹፌሩ ንገረው፣ ይንዳ!»